«ይፍረስ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣ አርክቴክቸር የምትማሩም ሆነ ሥራ የጀመራችሁ፣ ዛሬ ስለ አንድ የፈረሰ ሕንፃ ላጫውታችሁ።

ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ ነበር። የስፌት መኪናው የሲንጀር ዋና መሥሪያ ቤት። በፈረንጆቹ 1908 ሲያልቅ 47 ፎቅና 187 ሜትር ሆነ፤ ያኔ በዓለም በቁመት ከእሱ የሚበልጥ ሕንፃ አልነበረም።

የሚገርመኝ ግን ቁመቱ አይደለም። አርክቴክቱ ኧርነስት ፍላግ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችን አጥብቆ ይተች የነበረ ሰው ነው። መንገዱን ያጨልሙታል ይል ነበር። ስለዚህ ማማው ከቦታው ሩቡን ብቻ ይያዝ፣ ከዚያ የፈለገውን ያህል ይርዘም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሲንጀርንም ቀጭን አደረገው፤ ጎኑ 20 ሜትር ገደማ። በ1916 የወጣው የከተማዋ የግንባታ ደንብም ይህንኑ የሩብ ሐሳብ ያዘ።

ለመንገደኛው ፀሐይ የተወለት ያ ቅጥነት ነው ኋላ ሕንፃውን ያስፈረደበት። ከ400 ካሬ ሜትር ላይ ሊፍትና ደረጃ ሲቀነስ፣ ለትልቅ ድርጅት የሚበቃ ቢሮ አይተርፍም። ሲንጀር ለቆ ወጣ። የብረት አምራቹ ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል በ1964 ገዛው። በ1965 የተቋቋመው የከተማዋ የቅርስ ኮሚሽንም አልመዘገበውም። ከ1967 እስከ 1969 ፈረሰ፤ መርፌ፣ ክርና ማጠንጠኛ የተቀረጸባቸው የመግቢያው የነሐስ ጌጦች ሳይቀሩ ከቦታቸው ተነሡ። በምትኩ የቆመው ሕንፃ አንዱ ፎቅ ብቻ ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው።

እዚያው ብሮድዌይ ላይ ያለው ሌላው አሮጌ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ፣ ዎልዎርዝ፣ ግን አለ። ላይኛው ማማው ዛሬ መኖሪያ ቤት ሆኗል። ጠባብ ወለል ለቢሮ ቢያስቸግር ለመኖሪያ ይመቻል፤ ክፍሉ ሁሉ መስኮት ያገኛል። በ1960ዎቹ ይህን ያሰበ ሰው ቢኖር እላለሁ።

እዚያው ኒውዮርክ፣ ፓርክ አቬኑ ላይ የነበረው ባለ 52 ፎቁ የዩኒየን ካርባይድ ሕንፃም በ2019 መፍረስ ጀመረ። ሙሉ እድሳት ከተደረገለት አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይሄ ያናድደኛል።

እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት እስከ ጣሪያው ውጡ። ከመስኮቱ እስከ ሊፍቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ለኩ። ቢሮነቱ ቢያበቃ ሌላ ምን ይወጣዋል ብላችሁ ጠይቁ። የግድ ከፈረሰም አንድም ጥግ ሳይቀር ለክታችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

እኔ በጀማሪነቴ አንድ አሮጌ ሕንፃ እንዲፈርስ ፈርሜያለሁ። ያየሁት የወለል ስፋቱን ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ይገባ የነበረው ብርሃን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ልኬቱ ግን ማንም ጋ የለም።