ሠላሳው ቀን ካለፈ በኋላ፦ የጦማሪዎች ጥያቄና መልስ

በየቀኑ አንድ ጽሑፍ ጦማር ላይ ለአንድ ወር የማውጣት ቻሌንጅ ውስጥ ገብተው የወጡ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች ለዚህ እትም ስድስቱን መርጠናል። ስለ አጀማመሩ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው የሚለው «ጨረስኩ፤ አሁንስ?» ነው። ስለ አጀማመር ብዙ ስለተጻፈና ስለ ኋላው እምብዛም ስለማይነገር፣ ጥያቄው በመምጣቱ ደስ ብሎናል።

ጥያቄ፦ ሠላሳውንም ቀን ሳላቋርጥ ጽፌያለሁ። ምን እንደተማርኩ ለአንባቢዎቼ ልጽፍ ስቀመጥ ግን «ከባድ ነበር፣ ቢሆንም ደስ ብሎኛል» ከማለት ያለፈ ነገር አልወጣልኝም። ግምገማውን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስሜትዎ ሳይሆን ከመዝገብ ይጀምሩ። የመጨረሻው ሳምንት ድካም የቀሩትን ሦስት ሳምንታት ይሸፍናቸዋል፤ የመጨረሻው ቀን ደስታም እንዲሁ። ስለዚህ የመጨረሻውን ጽሑፍ ካወጡ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆዩ። መቆየቱ ለማረፍ ብቻ አይደለም፤ 30ኛው ጽሑፍም ልክ እንደ ሌሎቹ ሙሉ ሳምንት እንዲነበብ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከዚያ ኤክሴል ላይ ወይም ደብተር ላይ 30 ረድፍ ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቀኑን፣ ርዕሱን፣ የቃላቱን ብዛት፣ ለመጻፍ የፈጀውን ደቂቃ፣ ለፎቶና ለማሳተም የፈጀውን ደቂቃ (ለብቻው)፣ በወጣ በሰባት ቀን ውስጥ ያገኘውን ዕይታና የአስተያየቶቹን ብዛት ይሙሉ። አስተያየት ሲቆጥሩ የራስዎን ምላሾች ይቀንሱ፤ ጦማሩ የሚያሳየው ድምር እነሱንም ይጨምራል። ደቂቃውን ያኔ ካልመዘገቡም ተስፋ አይቁረጡ። ዎርድፕሬስ (ብዙዎች ጦማር የሚያወጡበት ፕሮግራም) እያንዳንዱ ክለሳ የተቀመጠበትን ቀንና ሰዓት ስለሚይዝ፣ ከመጀመሪያው ክለሳ እስከ ታተመበት ድረስ ያለውን ጊዜ በግምት ማውጣት ይቻላል።

አንድ ዓምድ ደግሞ አለ፤ እኛ ከሁሉም በላይ የምንመክረው እሱን ነው፦ «ርዕሱ ከየት መጣ?»። ከተዘጋጀ የርዕስ ዝርዝር ነው፣ ከአንባቢ ጥያቄ ነው፣ ከራስዎ ማስታወሻ ነው ወይስ በዕለቱ በጭንቀት የተፈለገ ነው? ይህን ዓምድ ከደቂቃው ዓምድ ጎን ለጎን ያንብቡት። ርዕሱ በዋዜማው የታወቀ ጽሑፍና ስክሪን ፊት ተቀምጠው የፈለጉለት ጽሑፍ የወሰዱት ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያይ ያኔ በዓይንዎ ያዩታል።

መዝገቡ ምን እንደሚያወጣ በአንድ ረድፍ እንመልከት። 18ኛው ቀን 340 ቃል፣ መጻፍ 35 ደቂቃ፣ ፎቶ መፈለግና ማስተካከል 50 ደቂቃ ይላል እንበል። ይህ ጦማሪ «መጻፍ ከበደኝ» ብሎ ቢደመድም ተሳስቷል፤ ያደከመው ፎቶው ነው። መፍትሔውም ሌላ ይሆናል፦ በሳምንት አንድ ቀን ለሰባቱም ጽሑፎች ፎቶ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ወይም ፎቶ የማይፈልግ የጽሑፍ ዓይነት መምረጥ።

ሰንጠረዡ ካለቀ በኋላ ጽሑፎቹን ከ1ኛው እስከ 30ኛው በቅደም ተከተል ያንብቡ። ምንም አያርሙ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ይህ ጽሑፍ የሚለው ነገር…» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት። ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ካለዎት ጽሑፉ ሁለት ሐሳብ ይዟል፣ ካልሆነም ገና ሐሳብ አላገኘም ማለት ነው። ሳያቅዱት ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ተመልሶ የመጣ ጉዳይ ካገኙ አስምሩበት። በእኛ እምነት የጦማርዎ እውነተኛ ርዕሰ ጉዳይ እሱ ነው፤ «ስለ እኔ» በሚለው ገጽ ላይ የጻፉት ሌላ ቢሆንም እንኳ።

ለአንባቢ የሚወጣው የግምገማ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ አያስቸግርም። የት ቀን ላይ ሊያቆሙ ተቃረቡ? ምን አስቀጠለዎት? የትኛው ጽሑፍ ከጠበቁት በላይ ተነበበ? ከእንግዲህ የማይደግሙት ምንድን ነው? እነዚህን በቁጥርና በጽሑፎቹ ሊንክ አስደግፈው ይመልሱ። ሠላሳውንም ሊንክ መደርደር ግን አያስፈልግም፤ ከአምስት በላይ ሲሆን አንባቢ አንዱንም አይከፍትም።

ጥያቄ፦ አራት ቀን አምልጦኛል። የጽሑፎቹን ቀን ወደ ኋላ መልሼ ባስተካክል ችግር አለው?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ይፈቅድልዎታል፤ እኛ ግን አንመክርም። ቀኑ የተቀየረ ጽሑፍ ምግብር (ፊድ፣ አዳዲስ ጽሑፎችን ለተከታዮች የሚያደርሰው ዝርዝር) ውስጥ የሚገባው በተሰጠው ቀን ተራ ስለሆነ ከአዲሶቹ ሥር ይቀበራል። ዎርድፕሬስ ካልተቀየረ በቀር አርኤስኤስ በሚባለው በዚህ ምግብር የሚያሳየው የቅርቦቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የተገፋው ጽሑፍ ለተከታዮችዎ ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። ከዚህም በላይ ግምገማ የሚሠሩበት መዝገብ ይበላሻል። ያመለጡት አራት ቀናት ባዶ ሆነው ሲታዩ ሁሉም ቅዳሜና እሑድ ላይ እንደወደቁ ሊያዩ ይችላሉ፤ ከሞሏቸው ግን ይህ ይጠፋል።

በመጀመሪያ ግን በእርግጥ ማምለጣቸውን ያጣሩ። አዲስ የተጫነ ዎርድፕሬስ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሊቆጥር ይችላል። የሚኖሩበት ቦታ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት የሚቀድም ከሆነ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያወጡት ጽሑፍ በትናንቱ ቀን ይመዘገባል፤ አንዱ ቀን ሁለት ጽሑፍ ይኖረዋል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። በአጠቃላይ ቅንብሮች ውስጥ የሰዓት ክልሉን ማስተካከል ይበቃል። ሁለተኛው ምክንያት በቀጠሮ የተያዘ ጽሑፍ ነው። የዎርድፕሬስ የቀጠሮ ሥርዓት የሚነቃው ሰው ድረ ገጹን ሲጎበኝ ነው። ጎብኚ የማይበዛበት ጦማር ላይ ለሌሊት የተቀጠረ ጽሑፍ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው እስኪገባ ተቀምጦ ይቆያል። በቻሌንጅ ወቅት ጽሑፉን ከቀጠሩ በሰዓቱ ገብተው መውጣቱን ያረጋግጡ።

የደንቡን ነገር ካነሣን፣ ሁሉም ቻሌንጅ በየቀኑ አይልም። ጦማሪዋ ኤደን ኬኔዲ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ናብሎፖሞ የተባለው ቻሌንጅ በኖቬምበር በየቀኑ ማውጣትን ይጠይቅ ነበር። «ከኤ እስከ ዜድ» የተባለው የኤፕሪል ቻሌንጅ ግን እሑዶችን ያሳርፋል፤ 26 ፊደል፣ 26 ጽሑፍ። ያመለጡዎት ቀናት ዕረፍት የሚሹባቸው ቀናት ከነበሩ፣ ለእርስዎ የሚስማማው ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ በወሩ ውስጥ የጎብኚ ቁጥር በጣም ጨምሮ ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሰው ጽሑፌን ጠልቶት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጨመረውን ቁጥር ያመጣው ማን እንደሆነ ይዩ። በስታቲስቲክስ ገጹ ላይ ጎብኚዎች ከየት እንደመጡ የሚያሳየውን ክፍል ይክፈቱ። አብዛኞቹ ከቻሌንጁ ተሳታፊዎች ዝርዝርና ከሌሎች ተሳታፊ ጦማሮች የመጡ ከሆነ፣ እርስ በርስ የመጎብኘቱ ልማድ ከወሩ ጋር አብቅቷል ማለት ነው። ጽሑፍ ሲቀንስ ዕይታ መቀነሱም የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከወሩ በፊት ከነበረው ወር ጋር ያነጻጽሩ እንጂ ከቻሌንጁ ወር ጋር አያነጻጽሩ። ከፍለጋ የመጣው ቁጥር ግን በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ ከሦስት ወር በኋላ መልሰው ይዩት።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ጽሑፎችን በጠቅላላ ዕይታ ካወዳደሩ የ1ኛው ቀን ጽሑፍ ከ30ኛው ይልቅ 29 ቀን ቀድሞ ሲነበብ ቆይቷል፤ ውድድሩ ፍትሐዊ አይደለም። የሰባት ቀኑን ዓምድ ያስገባነው ለዚህ ነው። የመጀመሪያ ገጽዎ ጽሑፎችን በሙሉ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ እዚያው ያነበበ ሰው የሚቆጠረው ለመጀመሪያ ገጹ እንጂ ለጽሑፉ አይደለም። ዕይታው አነስተኛ መስሎ የታየዎት ጽሑፍ በደንብ ተነቦ ሊሆን ይችላል። አማካይም አይመኑ፤ አንድ ጽሑፍ 900 ጊዜ ታይቶ ሌሎቹ 29 እያንዳንዳቸው 20 ጊዜ ቢታዩ አማካዩ 49 ገደማ ይላል፤ 49 ጊዜ የታየ ጽሑፍ ግን አንድም የለም።

ጥያቄ፦ አሁን ሠላሳ አጫጭር ጽሑፎች አሉኝ፤ ግማሾቹ ያሳፍሩኛል። ልሰርዛቸው?

መልስ፦ ከመሰረዝ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ። የዎርድፕሬስ «ኤክስፖርት» የሚሰጥዎት የኤክስኤምኤል ፋይል ጽሑፎችን፣ አስተያየቶችን፣ ምድቦችንና መለያዎችን (ታጎችን) ይይዛል፤ የፎቶዎቹን ፋይሎች ግን አይዝም፤ የሚይዘው አድራሻቸውን ብቻ ነው። ፎቶዎቹን ለብቻ ያውርዱ። ይህን የማያውቅ ሰው ጦማሩን ከዘጋ በኋላ ፋይሉን ሲከፍት ጽሑፍ እንጂ ምስል አያገኝም።

ቀጥሎ ሠላሳውን በሦስት ይክፈሉ፦ እንዳሉ የሚቆዩ፣ የሚዋሐዱና የሚተዉ። የሚያሳፍርዎት ጽሑፍ ሁሉ የሚሰረዝ አይደለም። ማንንም የማይጎዳና ስሕተት የሌለበት ከሆነ ይቆይ፤ የአንድ ወር ሥራ ውስጥ ደካማ ቀን መኖሩ የሚጠበቅ ነው። መሰረዝ የሚገባው የተሳሳተ መረጃ የያዘው፣ የሌላን ሰው ጉዳይ ያለ ፈቃዱ ያወጣውና «ዛሬ የምጽፈው አጣሁ» ብሎ የሚጀምርና የሚጨርሰው ነው።

ትልቁ ጥቅም ያለው በሚዋሐዱት ውስጥ ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ አምስት ጽሑፎች በ300 ቃል ካሉዎት 1,500 ቃል አለዎት። ተደጋጋሚ መግቢያዎቹ ሲወጡ ወደ 1,000 ቢወርድ አይደንግጡ፤ አንድ ጠንካራ ጽሑፍ ይወጣዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአምስቱ ውስጥ ብዙ ሊንክ ወይም ብዙ ጎብኚ ያለውን ይምረጡና አድራሻውን ሳይነኩ አዲሱን ጽሑፍ በእሱ ላይ ይሥሩ። ርዕሱን መለወጥ ይችላሉ፤ አድራሻው ግን እንደነበረ ይቆይ። አዲሱ ታትሞ ካዩት በኋላ ብቻ የቀሩትን አራቱን አድራሻዎች በ301 (የድሮውን አድራሻ የከፈተ ሰው በቋሚነት ወደ አዲሱ እንዲሄድ በሚያደርገው ቅንብር) ወደዚያ ያዙሯቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ በመሰረዝ ነው፤ ያኔ ሌሎች ጦማሪዎች በወሩ ውስጥ የሰጧችሁ ሊንኮች ሁሉ ወደ ባዶ ገጽ ይወስዳሉ። አስተያየቶች ከአሮጌዎቹ ጽሑፎች ጋር እንደሚቀሩም ያስቡበት። ጠቃሚ የሆነውን፣ ጸሐፊውን አስፈቅደው አዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ያስገቡ።

እግረ መንገድዎን መለያዎቹን ያጽዱ። በጥድፊያ ሲጻፍ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም» እየተባለ ይለጠፋል፤ ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለፕሮግራሙ የተለያዩ መለያዎች ናቸው፤ ጽሑፎችዎም በሁለት ገጽ ይበተናሉ። አንዱን አጻጻፍ ይምረጡ፣ በሌላው ሥር ያሉትን ወደሱ ያዛውሩ፣ ባዶውን ይሰርዙ።

ጥያቄ፦ ወሩ ካለቀ ጀምሮ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሠላሳ ቀን ልማድ ይፈጥራል ይባል የለ?

መልስ፦ ይባላል፤ ጥናቱ ግን እንዲህ አይልም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ሠርተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። አንድ ድርጊት ያለ ብዙ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ተለያይቷል (ከ12 ሳምንት የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። የተጠኑት ድርጊቶችም እንደ ውሃ መጠጣት ያሉ ቀላል ነገሮች ነበሩ፤ ጽሑፍ ከዚያ ይከብዳል። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ሒደቱን ብዙም እንዳልጎዳ ታይቷል። በሠላሳኛው ቀን ልማድ አለመሆኑ ስለዚህ የእርስዎ ድክመት አይደለም።

በየቀኑ ወደ መጻፍ ለመመለስ አይሞክሩ። አዲሱን ፍጥነት ከሰንጠረዡ ያስሉ፦ የአንድ ጽሑፍ አማካይ ጊዜ 85 ደቂቃ ከሆነና በሳምንት በእርግጠኝነት የሚያገኙት አራት ሰዓት ከሆነ 240ን ለ85 ሲያካፍሉ 2.8 ይመጣል። ሁለት ያድርጉት እንጂ ሦስት አያድርጉት። ቀኖቹን ይወስኑ፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለአንባቢም ያሳውቁ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከባዶ አይጀምሩ፤ በወሩ ውስጥ አስተያየት የተሰጠበትን አንድ ጽሑፍ ይውሰዱና አንባቢው ለጠየቀው መልስ ይስጡ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ዓመት ልድገመው አስቤያለሁ። ከወዲሁ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ለ30 ቀን 40 ርዕስ ይያዙ፤ አንዳንዱ ርዕስ ሲጻፍ ሦስት መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከመጀመሩ በፊት ስድስት ወይም ሰባት ያለቁ፣ ጊዜ የማያልፍባቸው ጽሑፎች ያስቀምጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን አይንኳቸው። ጉልበት ያለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የሚያስፈልጉት ከ15ኛው ቀን በኋላ ነው። ዛሬ የሚወጣውን ትናንት መጻፍን ደንብ ያድርጉ፤ ጽሑፍ አንድ ሌሊት ሲያድር ስሕተቱ ይታያል፣ ሕመም ወይም የኢንተርኔት መቋረጥ ሲመጣም አንድ ቀን በእጅዎ ይኖራል።

ዝቅተኛውን መለኪያ አስቀድመው ይጻፉት፤ 150 ቃል ወይም አንድ ፎቶ ከማብራሪያው ጋር ሊሆን ይችላል። መለኪያው ካልተጻፈ በየቀኑ ከፍ እያለ ይሄዳል። የሌሎችን ጽሑፍ ለማንበብና አስተያየት ለመስጠትም በቀን 20 ደቂቃ ለብቻው ይያዙ፤ ከመጻፊያው ሰዓት ላይ ከተወሰደ ሁለቱም ይጎዳሉ። ሰንጠረዡን ደግሞ ከ1ኛው ቀን ጀምረው ከፍተው በየማታው አንድ ረድፍ ይሙሉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።