«ዘገምተኞቹ» ጌፒዶች፦ ስለ ስማቸው ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጌፒዶች እነማን ነበሩ?

መልስ፦ በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ዛሬ ሩማኒያ፣ ሀንጋሪና ሰርቢያ በሚዋሰኑበት አካባቢ የኖሩ ጥንታዊ ጀርመናዊ ነገድ ናቸው። የሁኖች ንጉሥ አቲላ በ453 ከሞተ በኋላ፣ በ454 በኔዳኦ ወንዝ ዳር በተደረገው ውጊያ ልጆቹን ድል ነሥተው የሁኖችን አገዛዝ ያፈረሱትን ሕዝቦች የመራው ንጉሣቸው አርዳሪክ ነበር።

ጥያቄ፦ ስማቸው «ሰነፍ» ማለት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሰሙት ታሪክ ምንጩ በ551 ገደማ በላቲን የጻፈው ታሪክ ጸሐፊ ዮርዳኔስ ነው። እርሱ እንደሚተርከው፣ ጎቶች የተባሉ ጀርመናዊ ሕዝቦች ከሰሜን ደሴት በሦስት መርከቦች ሲሻገሩ ሦስተኛዋ ዘግይታ ደረሰች፤ በጎቶች ቋንቋ «ጌፓንታ» ማለት ዘገምተኛ ስለሆነ፣ በእርሷ የመጡት በዚህ ስድብ ተጠሩ፤ ስሙም እንደ ወጣ ቀረ። ዮርዳኔስ በዚህ አላበቃም፤ አእምሯቸው የዘገየ፣ ሰውነታቸው የከበደ ነው ብሎ ይጨምራል። ጸሐፊው ራሱ ከጎቶች ወገን መሆኑንና ሁለቱ ሕዝቦች ለረጅም ጊዜ ባላንጣ እንደነበሩ ስናስብ ግን፣ ይህ ትርጓሜ የጎረቤት ሽሙጥ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሊቃውንት ከምን አወጡት?

መልስ፦ ብዙዎቹ «መስጠት» ከሚለው ጀርመናዊ ሥር ጋር ያያይዙታል። ቃሉ በጎትኛ «ጊባን»፣ በዛሬው ጀርመንኛ «ጌበን» ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ግጥም ነገዱን «ጊፍዛስ» በሚመስል ድምፅ መጥራቱ ይህን ያጠናክራል፤ ከሥሩ «በ» በዚያ ቋንቋ የሚጠበቀው «ፈ» ነውና። በላቲኑ ጽሑፍ የሚታየው «ፐ» ግን አሁንም ያስቸግራል። በዚህ መንገድ ከሄድን ስሙ «ባለጸጎች» ወይም «ለጋሶች» ወደሚል ትርጉም ያዘነብላል። ለግእዝ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ «ሀብት» ራሱ «ወሀበ»፣ ማለትም «ሰጠ»፣ ከሚለው የወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከላቲኑ «ፔስ» (ሲበዛ «ፔዴስ»)፣ ማለትም «እግር»፣ የመጣ ነው የሚሉም አሉ።

መልስ፦ የሴቪያው ኢሲዶር በ7ኛው መቶ ዓመት በእግረኛ ጦር ስለሚዋጉ እንዲህ ተባሉ ብሏል። ይህ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከስማቸው በቀር የቀረ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በ1889 በሩማኒያ ከክሉዥ ከተማ አጠገብ፣ አፓሂዳ በምትባል መንደር ከተገኘው የ5ኛው መቶ ዓመት መቃብር የወርቅ ጌጣጌጥ ወጥቷል፤ ከእነዚህም አንዱ «ኦማሩስ» የሚል ስምና መስቀሎች የተቀረጹበት ቀለበት ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች መቃብሩን የጌፒድ መኳንንት ነው ይላሉ። ያን ወርቅ ያየ ሰው «ባለጸጎች» የሚለውን ትርጓሜ ቢወድ አልፈርድበትም፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ መጨረሻቸው ምን ሆነ?

መልስ፦ በ567 ሎምባርዶች የተባሉ ሌሎች ጀርመናውያን ከምሥራቅ ከመጡት ፈረሰኞች ከአቫሮች ጋር ተባብረው መንግሥታቸውን አፈረሱ፤ የሎምባርዱ ንጉሥ አልቦይን የመጨረሻውን ንጉሥ ኩኒሙንድን ገድሎ የራስ ቅሉን የመጠጫ ዋንጫ እንዳደረገው ይነገራል። ሕዝቡ ግን ወዲያው አልጠፋም። በመቶ ዓመቱ መገባደጃ ከቲሳ ወንዝ ማዶ የዘመተ የቢዛንታይን ጦር በአቫሮች ሥር የሚኖሩ ሦስት የጌፒድ መንደሮችን፣ ሰዎቹ በዓል አክብረው በስካር ተኝተው ሳሉ፣ ሌሊት ደርሶ ፈጅቷቸዋል።