መልስ፦ «ሪች» እያለ ማሻሻያው ለምን አስፈለገ?

ጠያቂያችን፣ «ሪች» የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ሳለ፣ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ደንቡን ማሻሻል ለምን እንዳስፈለገው ጠይቀዋል፤ ጎጂ ንጥረ ነገሮች አሁንም በዕቃዎች ውስጥ መገኘታቸው ጥያቄውን ተገቢ ያደርገዋል። ደንቡ በመሠረቱ ደካማ አይደለም፤ አንድን ንጥረ ነገር በዓመት 1 ቶን ወይም ከዚያ በላይ የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ድርጅት፣ መረጃውን ሄልሲንኪ በሚገኘው የኬሚካሎች ኤጀንሲ ማስመዝገብ አለበት። ችግሩ፣ ክልከላው በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር በተናጠል፣ ያውም ዓመታት በሚፈጅ ምርመራ መካሄዱ ነው። ለምሳሌ፣ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ጎጂ ኬሚካል በደረሰኝ ወረቀት ላይ ከጥር 2020 ጀምሮ ሲገደብ፣ አምራቾች በኬሚካዊ አወቃቀሩ ወደሚቀርበው ቢስፌኖል ኤስ ዞሩ። በእኔ አስተያየት ከማሻሻያው ሐሳቦች ሁሉ ክብደት ያለው፣ ተቀራራቢ ንጥረ ነገሮችን በቡድን መገደብ የሚለው ነው። ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ኖርዌይና ስዊድን በ2023 መጀመሪያ፣ በተፈጥሮ ውስጥ በቀላሉ የማይበሰብሱትን ወደ 10,000 የሚጠጉ ፒፋስ የተባሉ ንጥረ ነገሮች በአንድነት ለመገደብ ሐሳብ ያቀረቡት በዚሁ መንገድ ነው (ይህም በነባሩ ደንብ መሠረት መሆኑን ልብ ይሏል)። ፖሊመሮች (እንደ ፕላስቲክ ያሉ፣ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ነገሮች) እስካሁን ከምዝገባ ነፃ መሆናቸውም ሌላው ክፍተት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ደንቡን እንደሚከልስ ያስታወቀው በጥቅምት 2020 ቢሆንም፣ ረቂቁን ለማቅረብ የያዘው ቀጠሮ ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል።