ዶክተሩ ወርቁን ሲያሳድድ ቤተሰቡስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ። በካሊፎርኒያ የወርቅ ጥድፊያ ጊዜ ስለነበሩ ሐኪሞች ትንሽ ነገር አንብቤ ከዛ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሰዎቹ ሚስትና ልጅ ይዘው ነው የሄዱት ወይስ ጥለው? ገቢያቸውስ እንደሚወራው ነበር?

መልስ፦ እህታችን፣ ከገቢው ልጀምርልሽ እሱ አጭር ነው። በ1848 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሎማ በሚባል ቦታ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ሐኪም ለአንድ ጉብኝት አንድ አውንስ ወርቅ ይጠይቅ ነበር፣ ያኔ 16 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ግን ሁሉም ነገር እሳት በሆነበት አገር ይሄ ምን ያህል ያስኬዳል? ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፣ የሐኪም ፈቃድ ሕግ የወጣው በ1876 ነው፣ ስለዚህ ዶክተር ነኝ ያለ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እውነተኞቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቦርሳቸውን አስቀምጠው አካፋ ነው ያነሱት።

ሥራውስ ብትይኝ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ አትክልት ስለማይበላ ድዱ የሚደማና ጥርሱ የሚነቃነቅ ቆፋሪ። በ1850 መኸር ሳክራሜንቶ ኮሌራ ሲገባ አብዛኛው ነዋሪ ከተማውን ጥሎ ጠፋ፣ ሐኪሞች ግን ቀሩ፣ 17ቱ እዛው እንደሞቱ ተጽፏል።

ቤተሰብን በተመለከተ አብዛኞቹ ጥለው ነው የሄዱት። በ1850 ቆጠራ ከመቶ ሰው አሥር ሴት እንኳን አልነበረም። ስለዚህ ቤተሰብ ማለት ደብዳቤ ነው በቃ፣ እሱም በፓናማ በኩል ዞሮ ከወር በላይ ይፈጃል፣ መላኪያው 40 ሳንቲም ነበር። የፖስታ መርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስ ሰልፉ ማለቂያ የለውም፣ ደብዳቤ ሳይጠብቁ ተሰልፈው ተራቸውን የሚሸጡም ነበሩ አሉ! አስቢው እስቲ፣ ሐኪም ሆነሽ «ልጁ አተኮሰው» የሚል ደብዳቤ ስትከፍቺ ልጁ ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዶክተር ጆን ማርሽ ነው። ከጥድፊያው በፊት ነው የሄደው፣ በ1836 ሎስ አንጀለስ ደርሶ ከሃርቫርድ የያዘውን በላቲን የተጻፈ ዲግሪ አሳየና ሐኪም ነኝ አለ። ዲግሪው የሕክምና አልነበረም! ሕክምናውን ጦር ካምፕ ውስጥ ከአንድ ሐኪም ሥር ነበር የጀመረው፣ መምህሩ ሞቶበት ሳይጨርስ ቀረ። ብር ያልነበረበት አገር ስለሆነ ሂሳቡን በቆዳና በከብት ይቀበል ነበር፣ በኋላም እዛው ካሊፎርኒያ ማውንት ዲያብሎ ከሚባል ተራራ አጠገብ ሰፊ የከብት እርሻ ገዛ። ወርቁ ሲመጣ እሱም ወርዶ ቆፈረ፣ ለቆፋሪዎችም የሚያስፈልጋቸውን ሸጠ።

ቤተሰቡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በወጣትነቱ ከማርጋሪት፣ ከፈረንሳይና «ሱ» (Sioux) ከሚባል የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከምትወለድ ሴት፣ ቻርልስ የሚባል ልጅ ነበረው፤ እሷ ስትሞት ልጁን ኢሊኖይ ሰው ጋር ትቶት ሄደ፣ በኋላም ሞቷል ብሎ አመነ። በ1851 አቢጌይል ታክን አገባ፣ አሊስን ወለዱ፣ እንደ ቤተ መንግሥት ያለ የድንጋይ ቤትም አስጀመረላት፣ እሷ ግን ሳትገባበት በ1855 ሞተች። በዓመቱ አንድ ወጣት በሩ ላይ መጣ። ቻርልስ ነው፣ ሞቷል የተባለው!

አባትና ልጅ አብረው ብዙም አልቆዩም። መስከረም 24 ቀን 1856 (በፈረንጆቹ) ማርሽ ወደ ማርቲኔዝ ከተማ ሲሄድ በደሞዝ የተጣሉት ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ገደሉት። የድንጋዩ ቤት ዛሬም ቆሟል፣ እሱ ግን ብዙም አልኖረበትም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ገዳዮቹን አሳድዶ ያስያዘው ማን መሰለሽ? ያ ትቶት የሄደው ልጅ።