ያሳጠርኩት ሬዚስታንስ

ባለፈው ሳምንት ከሙያ ትምህርት ቤት ገና የወጣ አንድ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የጎረቤት ምጣድ አልግል ብሎ ጠርተውኝ ነበር። እየሠራ ስለካው ቮልቴጁ 170፣ ካረንቱ 12.3 ነው። ሬዚስታንሱን ትንሽ ባሳጥርላቸውስ?» ይላል።

ሬዚስታንስ የሚለው ምጣዱ ውስጥ የሚግለውን ጥምዝ ሽቦ ነው፤ ሲያጥር ኦሙ ያንስና ብዙ ካረንት ያሳልፋል። ስሌቱ አይጠፋውም። 170ን ለ12.3 ቢያካፍል 13.8 ኦም ያገኛል፤ ሁለቱን ቢያባዛ ወደ 2,090 ዋት። «ባሳጥርላቸውስ» የምትለዋን ሳነብ ግን ስልኩን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

1985 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባ። ከምናለሽ ተራ የገዛሁት አሮጌ ቴስተር፣ ማለትም የቮልትና የኦም መለኪያ፣ ከእጄ አይለይም፤ ሰፈሩም «ኤሌክትሪሻኑ» ማለት ጀምሯል። እንጀራ እየሸጡ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ማታ ማታ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ እያለ ደንበኛ ሸሸኝ» አሉ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ለካሁ። 170። ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን የሚሰካበት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚባለው ምጣድ ያን ያህል የሚሰጠው በ220 ቮልት ነው። ቮልቴጁ በሩብ ገደማ ሲወርድ ካረንቱም አብሮት ይወርድና ከጉልበቱ አርባ በመቶው ይሄዳል።

ይህንን ያኔም አውቀው ነበር፤ ጉዱም ከማወቄ መጣ። ምጣዱን ገለበጥኩት፣ ጥምዝ ሽቦውን ከሸክላው ቦይ አወጣሁ፣ ከሩብ በለጥ አድርጌ በፒንሳ ቆረጥኩና የቀረውን ስቤ መልሼ አስገባሁት። 13.8 የነበረው 10 ኦም ሆነ። 170 ለ10፣ 17 አምፔር። ኃይሉ 2,890 ዋት። ውሃ ብንረጭበት ጭስስ አለ። እትዬ 15 ብር ሰጡኝ፤ ከመጀመሪያው እንጀራም ቆርሰው በአዋዜ አጎረሱኝ። ያ ጉርሻ እስካሁን ይታወሰኛል፤ ሌላ ቤት የዚያን ያህል የጣፈጠኝ የለም።

220ን ለ10 አላካፈልኩም። 22 አምፔር ነው። 4,840 ዋት። ሶኬቱ ግን የ16 አምፔር፣ በግድግዳው የሚሄደው ገመድም ቀጭኑ፣ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር። ካረንት ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን መቁረጥ ያለበት ቫልቮላ ደግሞ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበት ነበር፤ ምንም ቢመጣ አይቃጠልም። አይቼዋለሁ። የተጠራሁት ለምጣዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

በአሥር ቀኑ የሠርግ እንጀራ ታዘዛቸውና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሱ። ሰፈሩ ተኝቷል፣ መብራቱ ሙሉ ነው። «ዛሬማ ታዘዘልኝ» እያሉ ይጋግሩ ነበር አሉ። ሶኬት ውስጥ የላላ መያዣ 0.2 ኦም ብቻ ይኑረው እንበል። 22 ጊዜ 22፣ ከዚያ ጊዜ 0.2፣ 97 ዋት ይሆናል። በእፍኝ በምትያዝ ሶኬት ውስጥ የመቶ ሻማ አምፖል አበራችሁባት ማለት ነው። ጁል የሚባለው እንግሊዛዊ ሙቀቱ በካረንቱ ስኩዌር እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ1841 አሳትሞታል፤ እኔ ዘንድ የደረሰው በእትዬ እጅ በኩል ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ መጋረጃው ሲያያዝ ሊነቅሉት ሲሉ ቀኝ መዳፋቸውን ለበለባቸው።

ጠዋት ሄጄ የጠቆረውን ግድግዳ አየሁና «መብራቱ ገፍቶ መጥቶ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። አመኑኝ። አዲስ ሶኬት ገጠምኩ፤ የእጄንም ዋጋ ተቀበልኩ። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ታስሮ ስለነበር ብሩን ከመቀነታቸው ፈትታ የቆጠረችልኝ ትንሿ ልጃቸው ናት።

የአሁን ልጆች ካልኩሌተሩ ኪሳችሁ ውስጥ ተቀምጦ ቪዲዮ አይታችሁ ትቆርጣላችሁ። እኔም ግን ካሲዮ ነበረኝ፤ ስለዚህ ብዙም ባልናገር ይሻላል። ሬዚስታንስ አትቁረጡ እላለሁ እንጂ ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ቆርጫለሁ፤ ገመዱን ባለ 4 ቀይሬ፣ ብሬከር አስገብቼ፣ በ220 አስልቼ።

ሌላው፣ አንዳንዶቻችሁ ቮልቴጁን ለካረንቱ ማካፈል ምን ያደርጋል፣ ቴስተሩ ኦሙን ያሳይ የለም ወይ ትላላችሁ። የመቶ ሻማ አምፖል ቀዝቅዞ ሲለካ አርባ ኦም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ በርቶ በ220 ቮልት ሲሰላ ግን 484 ነው። የምጣድ ሽቦ እንደዚያ አይለዋወጥም፤ በጥቂት በመቶ ቢለይ ነው። ቢሆንም እየሠራ ለኩት። ባዶ ሶኬት ላይ ለክቶ «220 አለ» ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ብዙ አይቻለሁ፤ ጭነት ሲመጣ የት እንደሚወርድ አላየም።

ለልጁ ትናንት ማታ መለስኩለት። ምጣዱ እየሠራ ቆጣሪው ላይም ለካ አልኩት። እዚያም 170 ከሆነ ችግሩ ከውጭ ነው። 215 ካሳየህ ግን 45 ቮልቱን ቤቱ ውስጥ ያለው ገመድ በልቶታል፤ በ12.3 አባዛው፣ ከ550 ዋት በላይ በግድግዳው ውስጥ እየነደደ ነው። ፒንሳውን ቦርሳህ ውስጥ ተወው፤ የቫልቮላውንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት።

እስካሁን አልላከም።