የአይጥ ውሻ ለምትፈልጉ የድሬና የሐረር ልጆች

«ዶክተር፣ አይጥ የሚይዝ ትንሽ ውሻ ፈልግልን። ያን በቪዲዮ የሚታየውን፣ ነጭና ቡናማውን።» ሰሞኑን የምትጠይቁኝ ይኼን ነው። (ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ደስ ይለኛል።) ጃክ ራስል ቴሪየር ማለታችሁ ነው። ዶሮ የምታረቡትም፣ እህል የምትነግዱትም ጥያቄያችሁ አንድ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በእንስሳት ሕክምና ነውና ነገሬ ቢረዝም ቻሉኝ።

ውሻ ከመምረጣችሁ በፊት ሥራውን ምረጡ። ይህ ውሻ እንግሊዝ አገር የወጣው ለቀበሮ ነው። ጆን (በቁልምጫ ጃክ) ራስል የሚባል የዴቨን ቄስ፣ ገና የኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ በ1819 እ.ኤ.አ. አካባቢ ትረምፕ የምትባል ሴት ውሻ ገዛ። የዘሩ ታሪክ ከእሷ ይጀምራል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ አዳኝ ውሾች ቀበሮን ሲያባርሩት ጉድጓድ ይገባ ነበር። ቴሪየሩ ተከትሎት ገብቶ፣ እየጮኸ እንዲወጣ ያስገድደው ነበር። ስለዚህ ደረቱ ከቀበሮ ደረት መብለጥ የለበትም። ዛሬም ባለሙያዎቹ ውሻውን ከፊት እግሮቹ ኋላ በሁለት መዳፍ ይጨብጡታል። አውራ ጣቶች ጀርባው ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ደረቱ ሥር ከተገናኙ መጠኑ ልክ ነው ይባላል። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ገደማ ነው።

የእኛ ችግር ግን ቀበሮ አይደለም፤ አይጠ መጎጥ ነው። የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ የትኛውም ውሻ አይገባም። ስለዚህ «ትንሽ፣ በጣም ትንሽ» እያላችሁ አትድከሙ። የእናንተ ውሻ የሚሠራው ከመሬት በላይ፣ በጆንያና በግድግዳ መካከል ነው። እግሩ ቀጥ ያለና ረዘም ያለ፣ ወገቡ ቀልጣፋ፣ ፀጉሩ አጭር ይሁን። አጭርና ቆልማማ እግር ያለውን ለፎቶ ተዉት።

ደህና የሚሠራ ውሻ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጆንያውን ያነሳል። ውሻው አይቀላውጥም፤ የግድግዳው ጥግ ላይ ይቆማል። አይጥ ስትሮጥ ጢሟን ግድግዳ እያስነካች ስለሆነ መንገዷ ይታወቃል። አንገቷን ይነክሳል፣ አንዴ ሁለቴ ያራግፋታል፣ ይጥላታል። ከዚያ ዓይኑ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ጆንያ ይሄዳል። ይዟት የሚዞር፣ የሚጫወትባት ወይም የሚውጣት ከሆነ ሌላ ፈልጉ። የሚውጠው በተለይ ያሳስበኛል፤ ጎረቤት መርዝ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል።

መርዝና ውሻ አንድ ግቢ አይኖሩም። ብሮዲፋኩምን የመሰሉት የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። አይጧ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ትቆያለች፣ ትፈዛለች፣ ውሻው በቀላሉ ይይዛታል። ከዚያ የውሻው ድድ ይነጣል፣ ከአፍንጫው ይደማል፣ ይደክማል። መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ነው፤ ፈጥናችሁ ከደረሳችሁ ይድናል። የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ «ቀዩ ፍሬ ነበር» ብቻ ስትሉኝ ብዙም አልረዳም። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ሌላው የአይጥ መርዝ ከሆነ ደግሞ ማርከሻ የለውም።

ውሻው ብቻውን አይጥ ይጨርሳል ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል። አይጥ አርግዛ የምትቆየው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ ልጆቿም በጥቂት ወራት ውስጥ ይወልዳሉ። ቀዳዳውን ድፈኑ። ጆንያውን ፓሌት (የእንጨት ርብራብ) ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ ደርድሩ። የዶሮ መኖውን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ። ይህ ከሌለ ውሻ ለማን ይሮጣል?

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ እናቱን እዩ። ስትሠራ ካያችኋት ወረቀቱ ቢጠፋም ግድ የለም። ወረቀት ኖሮ እናቲቱ ሶፋ ላይ የምትውል ከሆነ ዋጋው ለወረቀቱ ነው። ነጭ የሚበዛባቸው ውሾች አንዳንዶቹ መስማት የተሳናቸው ሆነው ይወለዳሉ፤ ከኋላው ሆናችሁ አጨብጭቡ፣ ጆሮው ይንቀሳቀሳል? ጥግ የሚሸሸውንም ወንድሞቹን የሚያስለቅሰውንም ተዉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዶሮና ከፍየል ጋር አስለምዱት፤ ይህ ጊዜ ካለፈ ዶሮውም አይጥ ሊመስለው ይችላል። ቋሚ ጥርሱ ሳይወጣ፣ ማለትም ሰባት ወር ገደማ ሳይሆነው፣ ከአይጠ መጎጥ ጋር አታጋጥሙት። አንድ ክፉ ንክሻ ዕድሜ ልኩን ያስፈራዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ እናቷ አይጥ የምትይዝ አነስ ያለች የአበሻ ውሻ ባገኝ እሷን እመርጣለሁ። ሙቀታችንን ታውቀዋለች። ቴሪየር ሲደክመው አያቆምም፤ ድሬ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይኼ አደጋ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ማልዳችሁ አሠሩት፣ ውኃ አቅርቡለት፣ እኩለ ቀን ላይ አሳርፉት።

የሐረር ልጆች፣ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለቴሪየር አይሠራም። እሱ ጅቡ ሳይሄድ ነው የሚጮኸው፤ ወደ እሱም የሚሮጠው። በጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች ጅብ ማታ ማታ እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ ለእሱ ውሻ እራት ነው። ሲመሽ ቤት ይግባ፣ በሩ ይዘጋ። የጫትና የማሽላ እርሻ ያላችሁም፣ ጃርትና ዝንጀሮ በዚህ ውሻ አይመለሱም። ጃርት እሾኋን ፊቱ ላይ ትተክልበታለች፤ ነቅሎ ማውጣቱ የእኛ ሥራ ይሆናል። የዱር እንስሳት ደግሞ በሕግ የተጠበቁ ናቸውና ያለ ፈቃድ አደን አትውጡ። ሽለምጥማጥ ዶሮ ከጨረሰባችሁ የማታ ማደሪያውን በጠንካራ ሽቦ ዝጉ።

ክትባቱን አትዝለሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይጀመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ በአይጥ ሽንት ይተላለፋል፤ ለሰውም ይተርፋል። የሞቱትን አይጦች በጓንት ልቀሙ፣ ክትባቱ ከተገኘም ውሻውን አስከትቡ።

ጎረቤትንም አስቡ። ብዙዎቻችን ከሙስሊም ቤተሰብ ጋር ግቢ እንጋራለን፤ የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ለሶላት ያስቸግራቸዋል። ሳታመጡት አማክሯቸው፣ የራሱ ዕቃ ይኑረው፣ በጸሎት ሰዓት እሰሩት። ለሥራ መሆኑን ከነገራችኋቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። አይጡ እነሱንም አስመርሯል።

የመጨረሻው፣ ቴሪየር በደንብ ከተያዘ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይኖራል። መጋዘኑ ለሁለት ዓመት የተከራያችሁት ከሆነ ከዚያ በኋላ የት እንደሚያድር ከአሁኑ ወስኑ። ሥራ ያጣ ቴሪየር ግቢ ይቆፍራል፣ ሌሊቱን ይጮሃል። ቀኑን ሙሉ አስራችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ድመት አሳድጉ፤ ይኼን ደግሞ ሳላስከፍል ነው የምመክረው።