የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሪሞት ባጊ ሾክ፣ ሞላና ዘይት

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። እኔና ልጄ በሪሞት የሚነዳ፣ በኋላ እግሩ የሚገፋ፣ 1፡10 መጠን ያለው (የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል) ባጊ አለን፤ ቅዳሜና እሑድ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ እንነዳዋለን። መሬቱ መረሬ ስለሆነ በበጋ ስንጥቅና ጓል ይበዛበታል። መኪናው በጓሉ ላይ ሲያልፍ እየነጠረ መሪ አይቀበልም፤ ከአፈር ቁልል ላይ ዘሎ ሲያርፍም ሆዱ መሬት ይመታና እንደገና ተነሥቶ ይገለበጣል። ሞላው ደክሟል ብዬ ማጥበቂያ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ባጠብቀውም ባሰበት። ጠንካራ ሞላ ልግዛ?

መልስ፦ ሞላ ከመግዛትዎ በፊት ሾኮቹን ይፍቱና ውስጣቸውን ይመልከቱ። የገለጹት ችግር የሞላ ድካም አይመስለኝም። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ሲጨመቅ ኃይሉን ያከማቻል፤ ሲለቀቅ ደግሞ የያዘውን መልሶ ይሰጣል። ያንን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያበርደው በሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ስለዚህ መኪናው ካረፈ በኋላ ተነሥቶ የሚገለበጥ ከሆነ፣ ሞላው ሥራውን እየሠራ ሳለ ዘይቱ አልያዘውም ማለት ነው፤ ወይ ፈስሶ አልቋል፣ ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ ደግሞ ለመሬታችሁ ቀጥኗል። በዚህ ላይ ጠንካራ ሞላ ቢጨምሩ የሚመለሰው ኃይል ይበዛና መገልበጡ ይብሳል።

ቀለበቱን ሲያጠብቁ ለምን እንደባሰበት ልግለጽልዎት፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጠውም፤ ሞላው አንድ ሚሊ ሜትር እንዲጨመቅ የሚፈልገው ተጨማሪ ኃይል ቀለበቱ ላልቶም ሆነ ጠብቆ ያው ነው። የሚለወጠው የመኪናው ከፍታ ነው። እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ መኪናው በሾኮቹ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ጎማው ከቆመበት ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል። መረሬ መሬት ደግሞ ከምንም በላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ጎማው ስንጥቁን ተከትሎ ካልወረደ ከመሬት ይለቃል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሪ ሊቀበል አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀለበቶቹን ያላሉ። ባትሪው እንደተገጠመ መኪናውን ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ በለስላሳ ወለል ላይ ጣል አድርገው ይልቀቁትና ሲረጋ በሻንሲው ሆድና በወለሉ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። ለዚህ መጠን ባጊ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ከ20 እስከ 23 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ እንደ እናንተ ባለ ጓላም መሬት ግን ከ25 እስከ 27 ባደርገው እመርጣለሁ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆነው መታየታቸውም ጥሩ መነሻ ነው።

ቀጥሎ ሾኮቹን ይሥሩ። አሮጌውን ዘይት ደፍተው ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፒስተኑን (በዘይቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለውን ባለ ቀዳዳ ክብ) ወደ ታች አውርደው አዲሱን የሲሊኮን ዘይት እስከ አፉ ይሙሉ። ከዚያም ፒስተኑን ከዘይቱ ሳያወጡ በጣም በዝግታ ከፍና ዝቅ ያድርጉት፤ አረፋ ሲወጣ ያያሉ። ለ10 ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ይህን ጊዜ የሚቆጥብ ሰው በማግሥቱ ሾኩን እንደገና ይፈታል። የጎደለውን ሞልተው፣ ስስ የጎማ ሽፋን ካለው ሽፋኑን አስተካክለው፣ ክዳኑን ይግጠሙ። ሞላውን ሳይገጥሙ የቀኙንና የግራውን ሾክ ጎን ለጎን ይዘው ጫፎቻቸውን አንድ ላይ ይጫኑ፤ እኩል ገብተው እኩል መመለስ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ወይም ሲጫኑት የመንቦጫረቅ ድምፅ ካሰማ አየር ቀርቶበታልና ይድገሙት።

ለዘይቱ ውፍረት ከፊት 400፣ ከኋላ 350 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ለመጀመር አስተማማኝ ነው። አስተካክለው ሲጨርሱ የመኪናውን ጀርባ በእጅዎ ተጭነው ይልቀቁት፤ በአንድ እንቅስቃሴ ተመልሶ ከረጋ ደህና ነው፤ ከፍና ዝቅ እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ ዘይቱን አንድ ደረጃ ያወፍሩ፤ እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ ያቅጥኑ።

ከዘይቱ ይልቅ ልምድ ያላቸው ነጂዎች የሚጨነቁት በፒስተኑ ላይ ስላሉት ቀዳዳዎች ነው፤ እኔም ትንሽ ልቆይበት። የታክሲ ወረፋን ያስቡ፤ ሰው አንድ በአንድ ሲገባ ጠባቡ በር ይበቃል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገፋ ግን በሩ ላይ ይታጨቃል፤ ማንም አይገባም። ዘይቱም እንደዚሁ ነው። ፒስተኑ በዝግታ ሲንቀሳቀስ በትንሹም ቀዳዳ በቀላሉ ያልፋል፤ ጎማው ጓል ላይ በድንገት ሲመታ ግን ማለፊያ ያጣና ሾኩ ለቅጽበት እንደ በትር ይደርቃል፤ ምቱም በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። በእጅ ሲጫኑት ለስላሳ የሚመስል ሾክ በፍጥነት ሲነዱት የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዳዳው ሲሰፋና ዘይቱ በዚያው ልክ ሲወፍር ግን በእጅ የሚሰማዎት ያው ሆኖ፣ ጓል ላይ ያለው ጠባይ ይለዝባል። በአንጻሩ ትንሽ ቀዳዳ ከዝላይ በኋላ ሆዱ መሬት እንዳይመታ ያግዛል።

እንግዲህ ሁለቱ ችግሮችዎ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይጎትታሉ። የኔ ፍርድ ለጓሉ ያድላ የሚል ነው፤ ዝላዩ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ጓሉ ግን በእያንዳንዱ ሜትር አለ። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለውን ፒስተን ከወፈረ ዘይት ጋር ያጣምሩ። ከዚያ በኋላም ሆዱ የሚመታ ከሆነ በብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ክንድ) ላይ የሾኩን የታች ጫፍ አንድ የመግጠሚያ ቀዳዳ ወደ ጎማው ያስጠጉት፤ ሞላው ሳይለወጥ መኪናው ይጠነክራል። የላይኛውን ጫፍ ወደ መኪናው መሐል ማዘንበል ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለስላሳ፣ ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ ጠባይ ይሰጠዋል። አደራ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ቀኙንና ግራውን እኩል ያድርጉ፤ ልጅዎም የተለወጠውን ሁሉ በደብተር ይመዝግብ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። የሲሊኮን ዘይት ፈልጌ ስላጣሁ በሞተር ዘይት ወይም በሞተር ሳይክል ሾክ ዘይት ልተካው አስቤአለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ የሞተር ዘይቱን ይተዉት። በብዙ ባጊዎች ሾክ ውስጥ ያለው ኦሪንግ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) የሲሊኮን ጎማ ስለሆነ፣ ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት ሲነካው ያብጥና ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል። ከዚህም በላይ የሞተር ዘይት በቅዝቃዜ ክፉኛ ይወፍራል፤ ከ25 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ውፍረቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የሞተር ሳይክል ሾክ ዘይትም በአብዛኛው የዚያው ዘር ነው፤ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥርም ከባጊ ዘይት ቁጥር ጋር አይገጥምም። በሴንቲስቶክ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ይመኑ።

ለስፖርት መሮጫ ማሽን የሚሸጥ ዘይት መቶ በመቶ ሲሊኮን መሆኑና ሴንቲስቶኩ በግልጽ ከተጻፈበት ሊያገለግልዎት ይችላል። ካልሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁለት ጠርሙስ፣ አንዱን 300 ሌላውን 500፣ እንዲያመጣልዎት ያድርጉ። እኩል ሲቀላቅሏቸው ከ400 ጥቂት ያነሰ ያገኛሉ፤ መጠኑን በመለዋወጥም በመካከላቸው ያለውን ሁሉ ማዘጋጀት ይችላሉ። አንድ ሾክ የሚወስደው ጥቂት ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሁለቱ ጠርሙሶች ረጅም ጊዜ ያገለግሉዎታል። አውሮፕላን ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ክዳኑ ሊያፈስ ይችላልና በላስቲክ ይጠቅልሉት ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ በሱሉልታ ማለዳ ላይ ስነዳው 1፡8 ባጊዬ ይደርቃል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ይለሰልሳል። የቦታው ከፍታ ይሆን?

መልስ፦ ከፍታው አይደለም። ከፍታ የሚጎዳው አየር ስቦ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ሞተር ነው፤ በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና። ዘይትን የሚለውጠው ቅዝቃዜው ነው። ሲሊኮን ከሌሎች ዘይቶች ይልቅ ቢታገሥም፣ ከ25 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ውፍረቱ ከሩብ ያላነሰ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚነዱት ማለዳ ብቻ ከሆነ በአንድ ደረጃ የቀጠነ ዘይት ይሙሉ። ቀኑን ሙሉ የሚነዱ ከሆነ ግን ለቀኑ ያስተካከሉትን አይንኩት፤ መኪናውን በረንዳ ላይ ከማሳደር ይልቅ ቤት ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት ዝላይ ከመጀመርዎ በፊትም ለጥቂት ደቂቃዎች በዝግታ ይንዱት።